የማን ልማድ፣ የማን ሕክምና? የወንድ ግርዛትን በኤች.አይ.ቪ. መከላከያነት የመቀስቀስ ሥነ ምግባር፣ ከቂርቆስ እስከ ጋምቤላ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወንድ ልጅ የተወለደለት ቤተሰብ «ይገረዝ ወይስ አይገረዝ?» ብሎ ሲጨነቅ አይታይም። የሚጠየቀው «መቼ?» እና «የት?» የሚለው ብቻ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ስምንተኛውን ቀን ያስባል፤ ሙስሊሙም የራሱ ሥርዓትና ጊዜ አለው፤ በሃይማኖቱ ጠንካራ ያልሆነው ቤተሰብ ሳይቀር ጎረቤቱ የሚያደርገውን ያደርጋል። ቀደም ባለው ጊዜ ምላጭ የያዘ ገራዥ ወደ ቤት ይጠራ ነበር፤ ዛሬ የከተማው ሰው በአብዛኛው ልጁን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ. ስም አይነሣም ማለት ይቻላል። ግርዛት ከበሽታ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት ሰው የመሆን፣ የወገን የመሆን ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ይኸው ድርጊት በጋምቤላ ክልል ሌላ ስም አለው። ከ2009 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «በፈቃደኝነት የሚደረግ የሕክምና የወንድ ግርዛት» ተብሎ የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መርሐ ግብር አካል ሆኗል። ኢትዮጵያ ከአሥር ወንዶቿ ዘጠኙ የተገረዙባት ሀገር ሆና ሳለ፣ ለዚህ መርሐ ግብር ቅድሚያ ከተሰጣቸው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪቃ ሀገሮች ዝርዝር የገባችው በዋናነት በዚህ አንድ ክልል ምክንያት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ግርዛት ከኤች.አይ.ቪ. በከፊል ይከላከላል ወይስ አይከላከልም የሚለውን አይደለም፤ ያ ጥያቄ በበቂ ማስረጃ ተመልሷል ብዬ እቀበላለሁ። የሚመረምረው የቅስቀሳውን ሥነ ምግባር ነው። አገልግሎትን ለሚፈልገው ሰው ማቅረብ አንድ ተግባር ሲሆን፣ ያልፈለገው ሰው እንዲፈልግ ማድረግ ሌላ ተግባር ነው። በተለይም የብዙኃኑ ጥንታዊ ልማድ ለአናሳው የሕክምና ምክር ሆኖ ሲቀርብ፣ ቀስቃሹ አካል ከወትሮው የከበደ የማስረዳት ግዴታ ይወድቅበታል የሚል ነው የጸሐፊው አቋም።

ሦስቱ ሙከራዎች

የመርሐ ግብሩ መሠረት ሦስት በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በደቡብ አፍሪቃ ኦሬንጅ ፋርም በ3,274 ወንዶች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በ2005 ታተመ። ሁለተኛውና ሦስተኛው በኬንያ ኪሱሙ በ2,784፣ በኡጋንዳ ራካይ ደግሞ በ4,996 ወንዶች ላይ ተደርገው በ2007 ወጡ። ሦስቱም ከታቀደላቸው ጊዜ በፊት ተቋረጡ፤ ውጤቱ ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ ያልተገረዙትን ተሳታፊዎች ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም ተብሎ ነበር። በቅደም ተከተል በ60፣ በ53 እና በ51 ከመቶ ገደማ የመያዝ ዕድል ቀንሶ ተገኘ። ሥነ ሕይወታዊ ማብራሪያውም አሳማኝ ነው፤ የሸለፈት ውስጠኛ ገጽ ቫይረሱ በቀላሉ የሚጣበቅባቸው የላንገርሃንስ ሴሎች የበዙበትና በቀላሉ የሚቆስል ሥሥ አካል ነው። በመጋቢት 2007 የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር በስዊዘርላንድ ሞንትሮ ባለሙያዎችን ሰብስበው ግርዛት የመከላከያው ጥቅል አንድ አካል እንዲሆን መከሩ። በ2015 ሃያ ሚሊዮን ወንዶችን ለመግረዝ ዕቅድ ተያዘ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ግን የተደረሰው ወደ 12 ሚሊዮን ያህል ነበር።

በቅስቀሳ ወረቀቶች ላይ የሚሠፍረው ስልሳ ከመቶ የሚለው አኃዝ ነው። ይህ አንጻራዊ ቅናሽ ነው። ለአንድ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ከሥሩ ያሉትን ቁጥሮች ማየት ያስፈልጋል። በኦሬንጅ ፋርም ከተገረዙት ምድብ 20፣ ካልተገረዙት 49 ሰዎች በቫይረሱ ተያዙ፤ በኪሱሙ 22 እና 47፤ በራካይ 22 እና 45። በኪሱሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተገረዙት 4.2 ከመቶው፣ ከተገረዙት 2.1 ከመቶው ተይዘዋል። ይህም ማለት በዚያ አካባቢ አንድ ሰው እንዳይያዝ ለማድረግ በሁለት ዓመት ወደ 48 ወንዶች መገረዝ ነበረባቸው ማለት ነው። በሽታው እንደዚያ በተስፋፋበት ቦታ ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ከብዙ ክትባቶችም አይተናነስም።

ሆኖም ስሌቱ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ለምሳሌ ያህል በዓመት ከሺህ ያልተገረዙ ወንዶች አንድ ብቻ የሚያዝበትን ቦታ እናስብ። ግርዛቱ ያንኑ ግማሽ ቅናሽ ቢያመጣ፣ በሁለት ዓመት አንድ ሰው ለማዳን የሚገረዙት አንድ ሺህ ይሆናሉ። የቀዶ ሕክምናው ጉዳት ግን ከስርጭቱ ጋር አብሮ አይቀንስም። በሦስቱ ሙከራዎች ከ1.5 እስከ 3.8 ከመቶ የሚሆኑ ሰዎች ከሂደቱ ጋር የተያያዘ ችግር ገጥሟቸዋል፤ አብዛኛው በሕክምና የዳነ ቢሆንም ያ የሆነው በሠለጠነ እጅና በቅርብ ክትትል ነው። ስለዚህ «ግርዛት ይጠቅማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የትና ለማን የሚለው ካልተጨመረበት ገና ያልተጠናቀቀ ዓረፍተ ነገር ነው።

የተገረዘች ከተማ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻረ ቃል እንደሆነ ይታወቃል። በዚሁ ሰፈር አናት ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1961 የተመረቀው የአፍሪቃ አዳራሽ ይገኛሉ። በታኅሣሥ 2000 የአፍሪቃ የልማት መድረክ በዚሁ ኮሚሽን አስተናጋጅነት ተሰብስቦ ኤድስን የአህጉሩ መሪዎች ዋና ፈተና አድርጎ ተወያየ። ከግቢው ጥቂት ወረድ ብሎ የካዛንቺስ ቡና ቤቶችና በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች የሚኖሩባቸው ጠባብ ቤቶች ነበሩ። ትንሽ ራቅ ብሎ በዚያው በቂርቆስ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የጸረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምናን በሀገራችን አስቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። ፖሊሲው የሚነገርበት አዳራሽ፣ በሽታው የሚተላለፍበት መንደርና ሕሙማኑ የሚታከሙበት ሆስፒታል በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ነበሩ።

በዚህ ከተማ ከሞላ ጎደል ወንድ ሁሉ የተገረዘ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በ2016 እንዳመለከተው፣ የኤች.አይ.ቪ. ስርጭት በሀገር ደረጃ 0.9 ከመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ 3.4 ከመቶ ነበር። ከአዲስ አበባ በላይ የተገኘው ጋምቤላ ብቻ ነው፤ 4.8 ከመቶ። በአንጻሩ ወንዱ ሁሉ በሚገረዝበት የሶማሌ ክልል በሽታው እጅግ አነስተኛ ነበር።

ከእነዚህ አኃዞች ቸኩሎ መደምደም አይገባም። አዲስ አበባ ተገርዛም ተይዛለችና ግርዛት አይረባም ማለት ስሕተት ነው። ወንዶቿ ባይገረዙ ኖሮ ወረርሽኙ የከፋ ይሆን እንደነበር፣ የደቡባዊ አፍሪቃ ሀገሮች የደረሱበት ደረጃ ላይ ያልደረስነውም በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። እንደዚሁም ሶማሌንና ጋምቤላን በግርዛት ብቻ ማወዳደር የጋብቻ ሥርዓትን፣ የመጠጥ ልማድን፣ የሰው ዝውውርንና የጤና አገልግሎት ተደራሽነትን ሁሉ መርሳት ነው። ቂርቆስ የሚያስተምረን ከዚህ ጠበብ ያለ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ የተገረዘ ሕዝብ ውስጥ፣ የንግድ ወሲብ ባለበት፣ ኮንዶም በማይለበስበት ጊዜ፣ ቫይረሱ መንገዱን ያገኛል። ግማሽ መከላከያ በተደጋጋሚ ተጋላጭነት ፊት ያልቃል።

ይህ ለቅስቀሳው የሚያመጣው ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ አለ። መልእክት የሚደርሰው ለታለመለት ብቻ አይደለም። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በሰው አፍ «ግርዛት ከኤች.አይ.ቪ. ይከላከላል» የሚለው ቃል ካዛንቺስ ውስጥ ያለ የተገረዘ ሰው ዘንድ ሲደርስ የሚነግረው ነገር «አንተ ጉዳይህን ጨርሰሃል» የሚል ነው። ምክር ያልተሰጠው፣ ቅጽ ያልፈረመ፣ በሕፃንነቱ የተገረዘ ሰው ስለ ቀሪው ግማሽ የሚነግረው ባለሙያ አያገኝም። በጋምቤላ የሚገረዘው ወጣት ቢያንስ የምክር አገልግሎት፣ ምርመራና ኮንዶም በአንድ ላይ ይቀርብለታል። ሳይጠየቅ የተገረዘው የከተማ ሰው ግን ከመልእክቱ የሚወስደው ምቾቱን ብቻ ነው። የቂርቆስ ወንዶች ስለ ራሳቸው ጥበቃ ምን እንደሚያምኑ መጠየቅ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ርእስ ነው። አሳዛኙ ነገር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ነባር ሰፈር አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር አካባቢዎች በመበተኑ፣ የወረርሽኙን ዘመን ከቡና ቤት ጓሮ ሆነው ያዩትን ሰዎች ለጥናት ማግኘት ከእንግዲህ ቀላል አለመሆኑ ነው።

የዐፄ ገላውዴዎስ ማነጻጸሪያ

በ1555 ዐፄ ገላውዴዎስ ለካቶሊክ ሚስዮናውያን ክስ መልስ የሚሆን የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ኢትዮጵያውያን ሰንበትን ያከብራሉ፣ ይገረዛሉ፣ የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ አይሁዳዊ ናቸው የሚል ነበር ክሱ። ንጉሡ ስለ ግርዛት የሰጡት መልስ ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነብበው ያስደንቃል። የጳውሎስን ትምህርት እናውቃለን፤ ግርዛት በእኛ ዘንድ የሀገር ልማድ እንጂ የድኅነት ሕግ አይደለም፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደመብጣት፣ በሕንድ ጆሮን እንደመብሳት ያለ ነው ሲሉ አስረዱ። ግርዛትንና የፊት ብጣትን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጧቸው።

በጋምቤላ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆነው ኑዌር፣ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያስመሰክረው «ጋር» በሚባለው ሥርዓት ነበር። በግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘረጉ ስድስት ትይዩ መሥመሮች ይበጣሉ። ደም ይፈሳል፤ ልጁ እንዳያቃስት ይጠበቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ወንድ ነው። ግርዛት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ በአኙዋክም ዘንድ እንዲሁ። በቅርብ አሥርት ዓመታት ብዙ የኑዌር ወጣቶች በትምህርት፣ በስደትና በሃይማኖት ለውጥ ምክንያት ብጣቱን ትተውታል።

እንግዲህ ገላውዴዎስ በአንድ ሚዛን ያስቀመጧቸውን ሁለት ልማዶች የዘመናችን የጤና አስተዳደር በሁለት መዝገብ ለይቷቸዋል። የአንዱ ወገን ምላጭ ከ«ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» ጎራ፣ ከእንጥል መቁረጥና ከወተት ጥርስ መንቀል አጠገብ ይቆጠራል። የሌላው ወገን ምላጭ በሕክምና ክፍል ውስጥ በማደንዘዣ ይከበራል። ልዩነቱ በማስረጃ የተደገፈ ነው፤ ብጣት ከምንም ቫይረስ አይከላከልም። ነገር ግን ከጋምቤላ ሆኖ ሲታይ አንድ ሌላ እውነት አብሮ ይታያል። ጥሩ ተብሎ የተመረጠው ምላጭ የደገኛው ምላጭ ነው። መርሐ ግብሩን የሚያካሂዱት ብዙዎቹ ባለሙያዎች፣ አስተዳዳሪዎችና የመልእክቱ ጸሐፊዎች በሕፃንነታቸው የተገረዙ ሰዎች ናቸው። ልማዳቸውን ሳይንስ ከኋላ መጥቶ አጸደቀላቸው።

ቋንቋውም ገለልተኛ አይደለም። በአማርኛ «ወሸላ» ወይም «ቆላፋ» ማለት ሁኔታን መግለጽ ብቻ አይደለም፤ መሳደብ ነው። ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እስከ ሰፈር ጠብ ድረስ የንቀት ሽታ አለው። የጋምቤላ ወጣት ለትምህርት፣ ለውትድርና ወይም ለሥራ ወደ መሀል ሀገር ሲመጣ ይህን ቃል ይሰማል። እንግዲህ ይህ ወጣት ወደ ሀገሩ ተመልሶ ወደ ግርዛት ክፍል ሲገባ «በፈቃደኝነት» ሲል ምን ማለቱ ነው? ኤች.አይ.ቪ.ን ፈርቶ ነው ወይስ ስድቡን? ሁለተኛውም ቢሆን የራሱ ምክንያት ነው፤ ሰው በሌሎች ፊት መክበርን መፈለጉ ነጻነቱን አይነጥቀውም። የሥነ ምግባር ችግር የሚመጣው ቀስቃሹ ራሱ ኀፍረቱን መሣሪያ ሲያደርገው ነው። «ንጹሕ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ሙሉ ወንድ» የሚሉ ቃላት በጤና መልእክት ውስጥ ሲገቡ የሚሸጠው የቫይረስ መከላከያ መሆኑ ያበቃል። በስዋዚላንድ በ2011 የተካሄደው ዘመቻ «ተገረዝና ድል አድርግ» የሚል ትርጉም ያለው መጠሪያ ነበረው፤ ገንዘቡ ብዙ፣ ውጤቱ ግን ከዕቅዱ እጅግ ያነሰ ሆነ። ሰዎች መፈክሩ ከሚላቸው በላይ ያስባሉ።

ጎረቤታችን ኬንያ ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል አሳይታለች። ሉዎዎች በልማዳቸው አይገረዙም ነበር፤ ከሚገረዙት ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ይህ የፖለቲካ ስድብ ነበር፤ ያልተገረዘ ሰው ሀገር አይመራም ይባል ነበር። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት የሉዎ ወንዶች በኃይል እንደተገረዙና እንደተቆራረጡ የዋኪ ኮሚሽን መዝግቧል። የኪሱሙ ሙከራ ውጤት ከታተመ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው በ2008 መገባደጃ መንግሥት በኒያንዛ ብሔራዊውን የግርዛት መርሐ ግብር ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን ከሉዎ ሽማግሌዎች ጋር ክርክር ተደርጓል፤ ራይላ ኦዲንጋን የመሰሉ የሉዎ ፖለቲከኞችም ጉዳዩን የጤና እንጂ የባህል እጅ መስጠት እንዳልሆነ ለወገኖቻቸው ተናግረዋል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ተቀባይነት የመጣው መልእክቱ ከራሳቸው ሰው አፍ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ «እምቢ» የማለት ዕድል ተጠብቆ ሲነገር ነው። በጋምቤላም በኑዌርኛና በአኙዋክኛ የሚናገር አማካሪ መኖሩ የትርጉም ምቾት ሳይሆን የፈቃዱ ትክክለኛነት ቅድመ ሁኔታ ነው።

ስለ ማበረታቻ ክፍያ ባጭሩ ልጥቀስ። በኬንያ በተደረገ ሙከራ እስከ 1,200 ሽልንግ የሚያወጣ የምግብ ኩፖን ከተሰጣቸው ወንዶች 9 ከመቶ ያህሉ ሲገረዙ፣ ካልተሰጣቸው የተገረዙት 1.6 ከመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ክፍያውን ለጠፋ የሥራ ቀን ማካካሻ ይሉታል። የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ቢተኛ ልጆቹ ጦም ያድራሉና ክርክሩ ባዶ አይደለም። ነገር ግን ካሳው ከጠፋው ደመወዝ ሲበልጥ፣ ወይም ለቀስቃሹ በሰው ቁጥር ሲከፈል፣ ሚዛኑ ይዘነበላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በተገራዥ ቁጥር የሚከፈለው ሰው «አስበህ ተመለስ» ለማለት ምክንያት የለውም። ገንዘቡ ከሩቅ የሚመጣ መሆኑም ሌላ ጥያቄ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ርዳታ ሲታገድ፣ ቀጥሎ በልዩ ሁኔታ በተፈቀደው የኤች.አይ.ቪ. አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ግርዛት አልነበረም። ለዓመታት «ሕይወትህን ያድናል» ሲባል የቆየው አገልግሎት በአንድ ደብዳቤ ከሕይወት አድን ዝርዝር ውጪ ሆነ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ፖሊሲ

አማርኛ ለወንዱም ለሴቷም የሚጠቀምበት ቃል «ግርዛት» ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሴቷን «ማጉደል» ብሎ በመለየት ከችግሩ ያመልጣል፤ እኛ ግን አናመልጥም። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን መግረዝን፣ በአንቀጽ 566 ብልትን መስፋትን ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ይጠብቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ያስተማረችው «ግርዛት ይቁም» ብላ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ መሆናቸው ሥራው ገና እንዳላለቀ ያሳያል።

ሁለቱ ድርጊቶች በሕክምና አይመሳሰሉም፤ የሴቷ ግርዛት ጥቅም የለውም፣ ጉዳቱም ዕድሜ ልክ ነው። ቢሆንም በአንድ ደጃፍ፣ በአንድ ቃል፣ አንዱን ከልክሎ ሌላውን ማስተዋወቅ የሰሚውን ትዕግሥት ይፈትናል። ለሴት ልጆች ግርዛት ጥብቅና የሚቆም አባት «የወንዱ ጤና ከሆነ የሴቷስ ለምን አይሆንም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። «ባህል ስለሆነ ይቁም» ብለን አስተምረን ከሆነ መልስ አይኖረንም። «አካልን የሚያጎድልና ያለ ፈቃድ የሚፈጸም ስለሆነ ይቁም» ብለን ከሆነ ያስተማርነው፣ መልሱ ወደ ራሳችን ወንዶች ልጆች ይዞርብናል።

ስለ ልጆች

ክፍለ ከተማው የተሰየመበት ቅዱስ ቂርቆስ በትውፊቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ሳለ በመኰንኑ ፊት በራሱ አንደበት የተናገረ ሰማዕት ነው። ሌሎች ሕፃናት ይህ ጸጋ የላቸውም። የስምንት ቀን ሕፃን አይጠየቅም፤ ወላጅ ስለ እርሱ ይወስናል። በሃይማኖትና በልማድ ሲሆን ይህ ውሳኔ ልጁን ወደ ወገኑ የማስገባት ሥራ ነው፤ መንግሥት በዚህ ውስጥ ጣልቃ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ነገሩ የሚለወጠው መንግሥት ራሱ ለሕዝብ ጤና ሲል ልጆች እንዲገረዙ ሲቀሰቅስ ነው። ሕፃኑ ለቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት ለአደጋው አይጋለጥም፤ በዚያ ጊዜ መከላከያው ተሻሽሎ፣ ወይም በሽታው ጠፍቶ፣ ወይም ራሱ ወስኖ ሊሆን ይችላል። የጤና ምክንያት ብቻውን እስኪያድግ መጠበቅን አይከለክልም።

መርሐ ግብሩ ራሱ ይህን ዘግይቶ ተቀብሏል። በበርካታ ሀገሮች ወደ አገልግሎቱ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ነበሩ፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት ሰብስቦ ማምጣት አዋቂን ከማሳመን ይቀላልና። በትንንሾቹ ልጆች ላይ የሽንት ቧንቧ ቀዳዳና የብልት ጫፍ ጉዳት በብዛት መታየቱ ሲረጋገጥ፣ በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ አተኮረ፤ ዋናው ለጋሽም ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አደረገ። ያ ዕድሜ የፈቃድም ዕድሜ ነው፤ ልጁ ቢያንስ የሚጠየቀውን ይረዳል። የሚያሳዝነው ለውጡ የመጣው በጉዳት ዘገባ እንጂ በፈቃድ ክርክር አለመሆኑ ነው።

በክፍሉ የሌለችው ሴት

ሦስቱ ሙከራዎች የለኩት ከሴት ወደ ወንድ የሚደረገውን መተላለፍ ነው። ከወንድ ወደ ሴት ያለውን ለማወቅ በራካይ ቫይረሱ በደማቸው ያለ 922 ወንዶች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ተደርጎ በ2009 ታተመ። ከተገረዙት ወንዶች ሚስቶች 18 ከመቶ፣ ካልተገረዙት ሚስቶች 12 ከመቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ተያዙ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አመርቂ ባይሆንም ጥቅም እንደማያሳይ ስለታወቀ ሙከራው ቆመ። በተለይም ቁስሉ ሳይሽር ግንኙነት የጀመሩት ሰዎች ሚስቶች ለበለጠ አደጋ የተጋለጡ ይመስላል። ግርዛት ከጊዜ ብዛት ሴቶችን የሚጠቅማቸው የተያዙ ወንዶች ቁጥር ሲቀንስ፣ የማኅጸን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስም በወንዱ ላይ ሲቀንስ ነው። ይህ ለመጪው ትውልድ ሴት የሚነገር ቁጥር ነው፤ ለዛሬዋ ሚስት ግን ሌላ ነው የሚነገረው።

ለተገረዘው ሰው «ስድስት ሳምንት ታገሥ» ይባላል። ምክሩን የሚሰማው እርሱ ብቻ ነው። እርሷ በክፍሉ ውስጥ የለችም። በሦስተኛው ሳምንት «ድኛለሁ፣ ደግሞም ከእንግዲህ ጥበቃ አለኝ» ቢላት፣ ኮንዶም ለመጠየቅ የነበራትን ጥቂት አቅም ይኸው የጤና መልእክት ከእጇ ይወስድባታል። በካዛንቺስ ጠባብ ቤቶች የነበረችው ሴትም ይህን ክርክር ከተገረዘ ደንበኛዋ ጋር ስታደርገው ኖራለች። በጋምቤላ የምክር አገልግሎቱ ስድስቱን ሳምንት ለማን እንደሚያስረዳ፣ ለሴቲቱ በራሷ ቋንቋና ባሏ በሌለበት የሚነገራት ነገር እንዳለ መመርመር፣ ስንት ወንድ ተገረዘ ብሎ ከመቁጠር የሚቀድም የጥናት ሥራ ነው።